ድውይን በቤት የማስታመም ሥርዓት፤ ከኮሶው ቀን እስከ ዓይደር መልስ

በመቐለ ከተማ፣ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሐውልት ከኮረብታው ላይ 51 ሜትር ከፍ ብሎ በሚታይበትና ስሙንም ለአካባቢው በሰጠበት በሓወልቲ ክፍለ ከተማ፣ ከእንደርታ ድንጋይ በተሠሩት አሮጌ ግቢዎችም ሆነ ከኋላ በተጨመሩት ፎቆች ውስጥ፣ ከሆስፒታል ሆዱ ተከፍቶ፣ አንጀቱ ተጠግኖና ተሰፍቶ የተመለሰ ሕመምተኛ የሚያገግምበት ቤት በየመንደሩ አይታጣም። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል፤ ሆስፒታሉም በሽተኛውን ለጥቂት ቀናት ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት አምስትና ስድስት ሳምንታት ግን የእናት፣ የባለቤት፣ የእኅት፣ የጎረቤትና የንስሐ አባት ሳምንታት ናቸው። የሕክምናን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ሐኪሙና ስለ መሣሪያው ብዙ ነገር ትተውልናል፤ ሌሊት ተነሥታ አጥሚት የምታሞቀው፣ ፋሻውን የምታጥበው፣ ድውዩን በብብቱ ደግፋ ከመደብ የምታነሣው አስታማሚ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ስሟ ብዙም አይነሣም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ወደዚህ አገር የገባው በቅርብ ዘመን ቢሆንም ድውይን በቤት የማስታመሙ ሥርዓት ግን ከእርሱ እጅግ የሚቀድም ጥንታዊ ትውፊት መሆኑንና፣ የዛሬው ሕመምተኛ መዳንም ሆነ አለመዳን በእነዚህ በሁለቱ መስማማት ላይ የቆመ መሆኑን ነው።

የደገኛው ኢትዮጵያዊ አንጀቱን በቤቱ የሚያክምበት ጥንታዊ ቀን የኮሶ ቀን ነበረ። ጥሬ ሥጋ መብላት በተለመደበት አገር የኮሶ ትል የብዙ ሰው ባላጋራ ስለ ሆነ፣ መኳንንቱም ሆኑ ባላገሩ በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶውን አበባ ፈጭተውና በጥብጠው በባዶ ሆዳቸው ይጠጡ ነበር። በዚያ ቀን የቤቱ በር ይዘጋል፤ እንግዳ አይቀበሉም፤ ለሥራም አይወጡም፤ ጠያቂ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» የሚለው አንድ ቃል በቂ መልስ ሆኖ ይመልሰዋል እንጂ የሚቀየም አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ዛፉን አይቶ ጽፎለታል፤ በ19ኛውም መቶ ዓመት ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ነበር። መድኃኒቱ መጠኑ ሲበዛ አደገኛ መሆኑ ባይካድም፣ በቀኑ ሥርዓት ውስጥ ግን ታላቅ ማስተዋል ነበረበት፤ ይኸውም አንጀቱ የተናወጠ ሰው ከእንግዳና ከድካም ተጠብቆ ዕረፍት እንደሚያስፈልገውና ወደ መብል የሚመለሰውም ቀስ በቀስ መሆን እንዳለበት ሕዝቡ በሙሉ ማወቁና ይህንንም መብት ለታላቅና ለታናሽ መስጠቱ ነው።

ነገር ግን ኮሶ የማይደርስበት ሌላ የአንጀት ሕመም ነበረ። በደጋው ኢትዮጵያ ከሚታዩት የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች ዋነኛው አንጀት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ መታጠፉ እንደ ሆነ የዛሬ ሐኪሞች ይመሰክራሉ፤ የተጠመዘዘውም አንጀት ደሙ ስለሚቋረጥበት በጊዜው ካልተፈታ ይሞታል፤ ከእርሱም ጋር ሰውየው ይሞታል። በቀድሞው ዘመን ሆዱ ተነፍቶ፣ ንፋስና ሰገራ አልወጣ ብሎት፣ የጎረሰውን ሁሉ የሚያስመልሰውን ሰው ዘመዶቹ ሆዱን በቅቤ ያሹት፣ መድኃኒተኛውም ሥር ይቀምምለት፣ ካህኑም ጸበል ይረጨው ነበር እንጂ ሆድ ከፍቶ የታጠፈውን የሚፈታ እጅ በአገሩ አልነበረም። የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው፣ የወለቀ መገጣጠሚያ የሚመልሰው ወጌሻ ምንም እንኳ ጥበቡ የተመሰከረለት ቢሆን፣ ከሆድ ደጃፍ ሲደርስ ይቆም ነበር። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ድውይ ቤተሰቡ ሊያደርግለት የሚችለው ትልቁ ነገር እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት አለመለየት ብቻ ነበር።

ይህ ያለመለየት ልማድ መቐለ በምትገኝበት በእንደርታ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ከ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ የተጻፈ ምስክር አለን። ከመቐለ በስተ ደቡብ በምትገኘው በጨለቆት፣ በትግራይ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ «ትግርትየር» እያለ የሚጠራውንና ሰውን እያከሳ ከአልጋ የሚያውለውን ሕመም ይገልጻል። ዘመዶች ለሕመምተኛዋ ከበሮ የሚመቱና መለከት የሚነፉ ሰዎች ቀጥረው፣ ጌጥ ተውሰው አልብሰዋት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እስክትነሣ ድረስ በዙሪያዋ ይቆሙ እንደ ነበረ፣ የገዛ ሚስቱም በዚህ መንገድ እንደ ታከመች ተርኳል። የሕመሙን ምንነት ለሊቃውንት እንተወው፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን፣ በዚህ አገር የአንድ ሰው ፈውስ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ የማያውቅ መሆኑ፣ ድውዩን ከመኝታው ማንሣትም የመንደር ግዴታ ተብሎ የተቈጠረ መሆኑ ነው።

የማገገም ሥርዓት ተሟልቶ የሚታይበት ትምህርት ቤት ግን የአራስ ቤት ነበረ። የወለደች ሴት፣ ሕፃኑ ወንድ ቢሆን እስከ 40፣ ሴት ብትሆን እስከ 80 ቀን፣ ክርስትናው እስኪደርስ ድረስ ከከባድ ሥራ ትጠበቃለች፤ ከብርድና ከምች ትከለላለች፤ በትግራይ ጋዓት በአማራም ገንፎ የሚባለው ምግብ በቅቤ ተለውሶ፣ አጥሚቱም ከገብስና ከአጃ ተዘጋጅቶ፣ አብሹና ተልባውም በየተራው ይቀርብላታል። ደም የፈሰሰውን ሰውነት እንዴት እንደሚመልሱት፣ ቁስል ያለበትን ሰው እንዴት አድርገው እንደሚያነሡትና እንደሚያስተኙት፣ ሰው ሲበዛባት እንዴት አድርገው ጠያቂውን በትሕትና እንደሚሸኙት እናቶች ያወቁት በዚህ ቤት ውስጥ ነው። እኔ እንደማምነው፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወደ አገሩ በገባ ጊዜ አስታማሚዎች ለአዲሱ ሕመምተኛ አዲስ ሥርዓት አልፈጠሩለትም፤ በአራስ ቤት የተማሩትን አንሥተው ለእርሱ አደረጉለት እንጂ። ዛሬም በሓወልቲ ከሆስፒታል ለተመለሰ ጎልማሳ አጥሚት ተይዞ መምጣቱ፣ የሚተኛበትም ክፍል በር ንፋስ እንዳያስገባ መጋረጃ መጋረዱ የዚህ ምልክት ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ለድውይ የሠራችለት ሥርዓት አላት። መጽሐፈ ቀንዲል ካህናቱ በሕመምተኛው ቤት ተሰብስበው የሚጸልዩትንና ዘይቱን የሚቀቡበትን ሥርዓት ይዟል፤ ስሙ እግዚአብሔር ይፈውሳል ማለት የሆነው ቅዱስ ሩፋኤልም በመጽሐፈ ጦቢት መንገደኛ መስሎ መድኃኒት እንዳሳየ ይታመናልና በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን ይታሰባል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ተቈጥሮ የሚነበበው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባና ጥበቡም ከልዑል የተሰጠ መሆኑን ያስተምራል፤ ስለዚህ ጸበልንና ሐኪምን እንደ ባላንጣ አድርጎ ማየት ከአበው ትምህርት የተገኘ አይደለም። ከሁሉም በላይ ለአንጀት ሕመምተኛ የሚጠቅመው የጾም ነገር ነው። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝዝ በሥጋ ድካም የተያዘውን ለይቶ ያወጣዋል፤ ፍትሐ ነገሥትም ይህንኑ ተከትሎ ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጽ ለድውያን ይራራል። ነገር ግን በዓመት 180 ያህል ቀን በሚጾም ሕዝብ መካከል ጾምን መተው ቀላል ነገር አይደለምና፣ ብዙ ምእመናን የንስሐ አባታቸው ራሱ አፉን ከፍቶ ካልፈታቸው በቀር በዐቢይ ጾም እንቁላል ወይም ወተት ለመቅመስ ሕሊናቸው እሺ አይላቸውም። የሥጋ መገጣጠሚያው ገና ያልጸናለት ሕመምተኛ ለቁስሉ መሻር የሚሆነውን ገንቢ ምግብ የሚያገኘው በዚያ የካህን ቃል በኩል ነውና፣ የንስሐ አባት ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚቆም የሕክምና ረዳት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ታሪክ ስንመለስ፣ በዓለምም ቢሆን ሆድን ከፍቶ በሕይወት መመለስ የቅርብ ዘመን ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ላምቤር እ.ኤ.አ. በ1826 የአንጀት ውጫዊ ገጽ ከውጫዊ ገጽ ጋር ተገጥሞ ሲሰፋ ቶሎ እንደሚያያዝ አሳየ፤ በ1846 በቦስተን ከተማ የኤተር ማደንዘዣ በሕዝብ ፊት ተፈተነ፤ በ1867 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከመመረዝ የሚጠብቀውን መንገድ ጻፈ። እነዚህ ሦስቱ ካልተገናኙ በቀር የሆድ ቀዶ ሕክምና ሊኖር አይችልም ነበር። የኢትዮጵያ መኳንንትም የዚህን ጥበብ ፍሬ በዓይናቸው ያዩበት ጊዜ አለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሰኔ 17 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ በትርፍ አንጀታቸው ዙሪያ የቋጠረውን መግል ፍሬድሪክ ትሪቭስ የተባለው ሐኪም በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ከፍቶ አወጣው፤ ንግሡም እስከ ነሐሴ 3 ቀን ተላለፈ። ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ወደ ለንደን የሄዱት ራስ መኰንን በዚያ በዓል ተገኝተው ሰባት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ዘውድ የጫነውን ንጉሥ አዩ። ልብ ሊባል የሚገባውም፣ የዓለም ታላቅ መንግሥት ንጉሥ እንኳ የተቀደዱትም መጀመሪያ ያገገሙትም በገዛ ቤታቸው መሆኑ ነው፤ ኋላም በመርከባቸው ላይ የባሕር ነፋስ እየተቀበሉ ጉልበታቸውን አጽንተዋል።

በአገራችን ዘመናዊው ቀዶ ሕክምና በቍስለኞች በኩል ገባ። ከአድዋ ድል በኋላ በዚያው ዓመት የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው የጦርነቱን ቍስለኞች አከሙ፤ ሥራቸውም አዲስ አበባ ውስጥ ለተቋቋመው የሩስያ ሆስፒታል መሠረት ሆነ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1902 ዓ.ም. ግድም ተከተለ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በሕፃንነታቸው ተወስደው በህንድና በስኮትላንድ የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ትግራይ ግን ይህን ጥበብ በሰላም ጊዜ ገና ሳትጠግበው በጦርነት አየችው፤ ጥቅምት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. መቐለ በጣልያን ጦር ተያዘች፤ በየካቲት ወርም የእንግሊዝ የቀይ መስቀል ጓድ ከትግራይ ደቡብ በቆረም አካባቢ ምልክቱ እየታየ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበ። ከነፃነት በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፈተ፤ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶም የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተመሠረተ፤ በኤድንብራ የተማሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞችን ካሠለጠኑት መምህራን አንዱ ሆኑ። በመቐለ ይህ ሁሉ ድካም ፍሬውን ያሳየው በ2000 ዓ.ም. ግድም ሥራ በጀመረውና በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚተዳደረው በዓይደር ሆስፒታል ነው። በአባቶቻችን ዘመን የታጠፈ አንጀት ይዞት በመደቡ ላይ ይሞት የነበረ ሰው ልጁ ዛሬ በአምቡላንስ ተወስዶ፣ የታጠፈው ተፈትቶለት ወይም የሞተው ክፍል ተቈርጦለት፣ በሕይወት ወደ ሓወልቲ ይመለሳል።

ነገር ግን በዚሁ ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው ስለ ማገገም የነበራቸው ሐሳብ ከሥሩ ተለውጧል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሆዱ የተከፈተ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት ጀርባው ላይ ተንጋሎ እንዲተኛ ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 በቺካጎ ኤሚል ሪስ፣ በ1940ዎቹም በዲትሮይት ዳንኤል ላይትሃውዘር ሕመምተኞቻቸውን በቶሎ ከአልጋ ማንሣት ጀመሩ፤ መተኛቱ በእግር ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ፣ ሳንባም በቅጡ እንዳይተነፍስ፣ አንጀትም ሰንፎ እንዲቆይ የሚያደርግ መሆኑን አስተዋሉ። ዴንማርካዊው ሄንሪክ ኬህሌት ደግሞ በ1990ዎቹ፣ ሕመምተኛውን ሳያስርቡ፣ ስቃዩን በሚገባ አስታግሰው፣ በማግስቱ አስነሥተው ማራመድና በቶሎ መመገብ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገውን የሆስፒታል ቆይታ እጅግ እንደሚያሳጥር አሳየ። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሙ «ተነሥተህ ተራመድ» ሲል፣ እናት ደግሞ «ልጄ አትነሣ፣ ስፌቱ ይፈታል» ስትል የምናየው ልዩነት፣ በአዲስና በአሮጌ ዘመን መካከል ያለ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሞቹም ከመቶ ዓመት በፊት የእናቲቱን ቃል ይናገሩ ነበርና።

እንግዲህ ልማዱንና ትምህርቱን ማስታረቅ የሚያስፈልገው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ሕመምተኛው በጎኑ ተገልብጦ፣ በክንዱ ተደግፎ ከመደቡ ይነሣል እንጂ እንደ ጤነኛ ሰው በአንድ ጊዜ ቀና አይልም፤ በግቢው ውስጥ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ይራመዳል፤ ሲያስለው ትራስ በሆዱ ላይ ይደግፋል፤ ባልዲ ውኃም ሆነ የእህል ጆንያ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አያነሣም፤ ምክንያቱም ቆዳው ተገጥሞ ስፌቱ ቢወጣለትም ከሥሩ ያለው ጅማት ገና ኃይሉን አላገኘም። መብሉም አጥሚትና ለስለስ ያለ ገንፎ ሆኖ ይጀምራል፤ አራስ ቤት የሚወደደው የቅቤ ብዛት ግን ለተሰፋ አንጀት ይከብዳል፤ በርበሬው ተቀንሶ፣ ምግቡ በትንሽ በትንሹ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሰጠዋል። ቆሎና ደረቅ ባቄላ ይቆያሉ። ከሁሉ ይልቅ ጾሙ ሲፈታ በባዶ ሆድ ላይ ጠግቦ መብላት ያስፈራል፤ ብዙ መብል በአንድ ጊዜ ወደ ባዶ አንጀት ሲገባ አንጀት ለመጠምዘዝ ምክንያት እንደሚሆን የሚናገሩ ሐኪሞች አሉና፣ የፋሲካ ማዕድ ለእንዲህ ያለው ሰው በትዕግሥት የሚቀርብ መሆን አለበት። ትኩሳት ቢነሣበት፣ ቁስሉ ቢቀላ ወይም መግል ቢያወጣ፣ ሆዱ ቢነፋና ንፋስ አልወጣ ቢል፣ ማስመለስም ቢጀምረው፣ ያን ጊዜ የቤት ማስታመሙ ወሰኑ ደርሷልና ሰዓት ሳያልፍ ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው።

ስለ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ግን ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። የሞተው አንጀት ከተቈረጠ በኋላ ሁለቱን ጫፍ ወዲያው መግጠም አደገኛ ሲሆን፣ ሐኪሙ ሰገራው በሆዱ በኩል ለጊዜው እንዲወጣ ያደርገዋል። ይህ ሰው ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ ይበረታበታል፤ ከሰው ተለይቶ በጓዳ መቀመጥ ይወዳል፤ ጠያቂ ሲመጣም ይሸፈናል። ሰገራውን የሚቀበለው ከረጢት ባልተገኘበት ቤት አስታማሚዎች ንጹሕ ጨርቅ እያጠቡ እያፈሉ ይተኩለታል። የመንደር ሰው ይህን የሚያውቀው ከሆነ፣ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ እንደ ሌላው ሁሉ ቡና አብሮት ሊጠጣ ይገባዋል፤ መፍትሔው ለወራት የሚቆይ እንጂ የዕድሜ ልክ እስራት ላይሆን ይችላልና።

ይህ የቤት ሥርዓት ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል በግልጽ የተፈተነው ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነትና ከበባ ጊዜ ነው። መድኃኒት ወደ መቐለ መግባት ባቆመበት፣ ባንክ በተዘጋበትና የሆስፒታሉ ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ይሠሩ በነበረበት ወራት፣ በዓይደር የቀዶ ሕክምና ጓንት ታጥቦ ዳግመኛ እስከ ማገልገል፣ ሕዝቡም ያመጣው አሮጌ ጨርቅ በፋሻ ፈንታ እስከ መቈረጥ፣ ቁስልም በጨው ውኃ እስከ መታጠብ ተደርሶ ነበር። የአፋርን አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተቀብላ ለደጋው ሁሉ ስታከፋፍል የኖረች ከተማ ጨውን ለቁስል መልሳ ያገኘችው በእንዲህ ያለ መከራ ነው። ሆስፒታሉ የሚሰጠው ሲያልቅበት፣ የቀረው ሕክምና ሙሉ በሙሉ በአስታማሚዋ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ራሷም በርሃብ እየተጎዳች ለልጇ ወይም ለባሏ የምትሰጠውን እፍኝ ዱቄት ስትፈልግ ዋለች። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሐኪሞቹን ጽናት ሲያወሳ ይህችን ሴት ከዳር ሊያቆማት አይገባም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ነገር፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚነገረው ምክር ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚው፣ በሚናገሩትና በሚሰሙት በትግርኛ ወይም በአማርኛ፣ በቃልም በጽሑፍም መሰጠቱ ነው። ወረቀቱም አጥሚትንና ጋዓትን፣ ጾምንና ፋሲካን፣ መደብንና ግቢን በስማቸው የሚጠራ ይሁን፤ የማይታወቅ ምግብ ስም የተሞላ መመሪያ በመሶብ ፊት ከንቱ ነውና። ካህናቱም በቀንዲል ጸሎት ላይ ሕመምተኛውን ከጾም ሲፈቱት የሐኪሙን ትእዛዝ ቢያስታውሱት ሥልጣናቸውን በሚገባው ቦታ ያዋሉት ይሆናል። ጠያቂዎችም ብዛታቸውን ቀንሰው፣ ቆይታቸውን አሳጥረው፣ ሲሄዱም ድውዩን ይዘው አንድ ዙር በግቢው ውስጥ ቢያራምዱት፣ የድሮው ያለመለየት ልማድ ከአዲሱ ጥበብ ጋር በዚያ ይገናኛል። ሕዝባችን ኮሶ የጠጣውን በዝምታ አክብሮ፣ አራሷን በአጥሚት አንሥቶ፣ የታመመውንም በከበሮ ከብቦ ከአልጋው ያስነሣ ሕዝብ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ዕውቀት በሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ የሚቀር ተራ ልማድ ተብሎ እንዳይናቅ፣ ተመርምሮና ታርሞ የሕክምናው ሁለተኛ ክፍል ተብሎ ይመዝገብ እላለሁ።